በአባቴ ፊት ለማስመለስ የሮጥኩት ሩጫ

በዚህ አገር ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ጀግና ነው፤ አጭር ርቀት የሚሮጥ ሰው ግን መንገድ የጠፋበት ነው። ይህን የምለው አዝኜ አይደለም፤ ንቄ ነው። አራት መቶ ሜትር እሮጥ በነበረበት ዘመን የእኛ ተራ ሲደርስ ተመልካቹ ሻይ ሊጠጣ ይወጣ ነበር። ሻዩን ጠጥቶ፣ አፉን ጠራርጎ ሲመለስ እኛ ጨርሰን ጫማችንን እየፈታን ነው። ከዚያ አጠገቡ ያለውን "የአጭሮቹ መቼ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ዛሬም የሚጠይቅ አለ።

ስሜ ባንቺአምላክ ነው፤ ሰው ሁሉ ባንቺ ይለኛል። የዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ስፖርት ክለብ ሯጭ ነበርኩ። ግማሽ ቀን ማሸጊያ ክፍል እሠራለሁ፣ ግማሽ ቀን ልምምድ ነው። የምኖረው ሹም አቦ ሰፈር፣ የአባቴ ታናሽ እህት ቤት ነበር። እትዬ የሻረግ ትባላለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፋት ማሰብ ይጠይቃል። የእሷ ችግር ዓይኗ ያየውን ሁሉ አፏ ሳያጣራ መቀበሉ ነው። ነገር ሆዷ ውስጥ አያድርም።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዘጌ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ዜማ ያስተምራሉ። ብዙ አይናገሩም፣ የተናገሩትን ደግሞ አይደግሙም። ስለ ሩጫዬ አስተያየት የሰጡኝ ክለብ የገባሁ ሰሞን ብቻ ነው። "ዞረሽ ዞረሽ የምትደርሽው የተነሣሽበት ላይ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ለምን ትነሻለሽ?" አሉኝ። ግን አልከለከሉኝም፣ እኔም እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

አሰልጣኛችን በወጣትነቱ አሥር ሺህ ሜትር ሮጧል ይባላል። የት እንደደረሰ ሲጠየቅ ጨዋታ ይቀይራል። የሚወደው አባባል "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለው ነው። አራት መቶ ሜትር ለምትሮጥ ልጅ ይህን መምከር ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት። እንቁላሉ ተፈልፍሎ በእግሩ እስኪሄድ ውድድሩ አልቆ፣ ሜዳሊያው ተሰጥቶ፣ ሰው ቤቱ ገብቷል። "መጀመሪያ ከሰው ኋላ ተደብቀሽ ቆይ፣ መጨረሻ ላይ ውጪ" ይለኛል። አራት መቶ ሜትር ላይ እያንዳንዷ ሯጭ ከመነሻ እስከ መጨረሻ በራሷ መስመር ውስጥ ናት። የምደበቅበት ኋላ ከየት ይምጣ? ደጋግሜ አስረዳሁት፤ እሱም ደጋግሞ ራሱን ነቀነቀና ያንኑ ምክር መለሰልኝ።

አሁን ስለ ሕመሙ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ በእሱ የመጣ ነውና። አራት መቶ ሜትር ላይ የመጨረሻው ኩርባ ሲያልቅ የሚጠብቅ ነገር አለ። እግር እንደ እርጥብ ጆንያ ይከብዳል፣ ክንድ አልታዘዝም ይላል፣ ጉሮሮ ደም ደም ይላል፣ ሆድ ይገለበጣል። ያን ጥሶ የጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ያስመልሰዋል። ይህ በሽታ አይደለም፤ የአጭር ርቀት ሯጭ ሁሉ ያውቀዋል። ብቻዬን ስሆን ጥሼው አልፍ ነበር። ጠዋት በጣና ዳር መንገድ ላይ እሮጥ እሮጥና ደንገሉ ውስጥ ገብቼ አስመልሼ፣ አፌን ተጉመጥምጬ፣ ሎሚ እየመጠጥኩ ወደ ቤት እመለሳለሁ።

ውድድር ላይ ግን ሰው አለ። የመሪጌታ ልጅ በቁምጣ ሜዳ ላይ ተንበርክካ፣ በሕዝብ ፊት ስታስመልስ ማን ይያት? ስለዚህ ኩርባው ሲያልቅ፣ ያ ነገር ሲመጣ፣ ማንም ሳያውቅብኝ ትንሽ ዝግ እላለሁ። አራተኛ ወይም አምስተኛ እወጣለሁ፣ ፀጉሬ ሳይበተን፣ ፊቴ ሳይከፋ። አሰልጣኙ "ጉልበት አነሰሽ" ይላል። ጉልበት አላነሰኝም፤ የያዘኝ ይሉኝታ ነበር። አገሩ ይሉኝታን እንደ ጨዋነት ያሞግሰዋል። እኔ ያወጣሁለት ሌላ ስም አለኝ፣ ግን ወረቀት ላይ አይጻፍም።

ለቅዳሜ ጠዋት የፋብሪካዎችና የኮሌጆች ውድድር ነበረብን። በዚያው ሳምንት የእትዬ የሻረግ የማኅበር ጓደኛ የሆነች አንዲት ሴት በሐይቁ ዳር ስታልፍ ደንገሉ ውስጥ አጎንብሼ ሳስታውክ አየችኝ። ቀርባ "ምን ሆንሽ ልጄ?" ብትለኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። እሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ በፍጥነት ሄደች። እንዲያ የሚሮጥ ሰው ክለባችን ውስጥ አልነበረም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ አባቴን ሳሎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። መቋሚያቸው በሩ አጠገብ ተደግፏል። ከዘጌ በጀልባ መጥተው፣ ጋቢያቸውን እንኳ አላወለቁም። እትዬ የሻረግ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው እጇን አጣምራ ጥግ ላይ ቆማለች። ጉልበታቸውን ስሜ ሳልነሣ "ተቀመጪ" አሉኝ።

ተቀመጥኩ።

"የሰማሁትን ሰምቻለሁ። የመጣሁትም ከአንቺው አፍ ልሰማ ነው። ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ?"

"አይደለሁም አባባ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። አክስቴ ግን አልበቃትም። ማስረጃዋን ተራ በተራ አወጣችው። ጓደኛዋ ያየችው አለ፤ ከትራሴ ሥር ያገኘችው ሎሚ አለ፤ በቀን መተኛቴ አለ፤ ዶሮ ወጥ ሲሸተኝ ፊቴን አዞርኩ ያለችው አለ። ሎሚ የመጠጠ ሁሉ የሚያረግዝ ከሆነ የባሕር ዳር ወንድ ሁሉ ወልዶ በጨረሰ ነበር። ይህን ለመናገር ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፣ በአባቴ ፊት አልተናገርኩትም።

"ሩጫው ነው የሚያስመልሰኝ" አልኩ።

አክስቴ ሳቀች። "ሩጫ? አህያውም ይሮጥ የለ እንዴ፣ መቼ አስመልሶት ያውቃል?"

አባቴ ወደ እሷም አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩት። በዚያ አስተያየታቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ያየሁት ግን ማመን እየፈለገ ያቃተውን ሰው ነው። ያ ከሁሉ በላይ አቃጠለኝ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ዋሽቻቸው አላውቅም።

አክስቴ ጠዋት ክሊኒክ ወስደው እንዲያስመረምሩኝ ሐሳብ አቀረበች። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ።

"ቃሌን ያላመናችሁ ሽንቴን ልታምኑ ነው?"

"ነውር አትናገሪ" አሉ አባቴ ቀስ ብለው።

"ይቅርታ አባባ። ነገ ጠዋት ውድድር አለብኝ። ይምጡና ይዩ። ሩጫ የሚያስመልስ ከሆነ በዓይንዎ ያዩታል።"

መቋሚያቸውን አይተው፣ እኔን አዩኝ። "ካላስመለሰሽስ?"

"ካላስመለሰኝ ልብሴን ይዤ ከእርስዎ ጋር ጀልባ እገባለሁ። ሩጫም ፋብሪካም በቃኝ እላለሁ።"

"እንግዲህ ከአፍሽ ወጥቷል" አሉ፣ ያም ማለት ተስማምተዋል።

ምን ብዬ እንደተናገርኩ የገባኝ ተኝቼ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ነው። ውድድር ላይ አስመልሶኝ አያውቅም፤ አራተኛ የምወጣው ለዚሁ ነው። አሁን በሕዝብ ፊት፣ በአባቴ ፊት፣ ማስመለስ ግዴታዬ ሆነ። ብልህ ብሆን ያን ምሽት ሆዴን ጥርቅም አድርጌ ሞልቼ አድር ነበር። እኔ ግን ተናድጄ የአክስቴን ሽሮ ሳልነካ ተኛሁ፣ ጠዋትም ከውኃ በስተቀር በአፌ የገባ የለም።

ጠዋት ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ሄድን። ሜዳው በር ላይ ሰዎች የአባቴን ጥምጥም ሲያዩ መንገድ ለቀቁላቸው፤ ውድድሩን ሊባርኩ የመጡ መስሏቸዋል። አሰልጣኛችን ከሩቅ አይቷቸው አዲስ ነጭ ጫማውን ከአቧራ እየጠበቀ መጣና ትከሻቸውን ስሞ ተዋወቀ። ልጅዎ ትጉህ ናት፣ ግን አጭር ርቀት አልተፈጠረላትም፣ አምስት ሺህ ብትሞክር ይሻላታል አላቸው። አባቴ በትሕትና ሰምተው ሲያበቁ "ሲሮጡ ያስመልሳል ወይ?" ብለው ጠየቁት። እሱም፣ የክለቡን ክብር የሚጠብቅ መስሎት ነው መሰለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ "የእኔ ልጆች? በፍጹም" አለ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች። በዕድሜዬ አንድን ሰው እንደዚያ ንቄው አላውቅም፣ ብዙ ሰው ንቄያለሁ ደግሞ።

ስማችን ተጠራ። ተመልካቹ እንደ ልማዱ ወደ ሻይ ቤቱ ተነሣ። አባቴና አክስቴ ከመጨረሻው መስመር አለፍ ብሎ ካለው አጥር አጠገብ ቆሙ። እኔ ቱታዬን የማወልቅበት ሰዓት ደረሰ። አባቴ በቁምጣ አይተውኝ አያውቁም። እጄ የቱታው ገመድ ላይ ቀረ። አጠገቤ ያለችው የኮሌጅ ሯጭ ሰናይት፣ ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጣዋ፣ "ምነው በረደሽ?" አለችኝ። አወለቅኩት። ወደ አጥሩ ስመለከት አባቴ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ከዚያ ቀና አሉና ዓይናቸውን እኔ ላይ አሳረፉ፣ ዳግመኛም አላነሡትም።

አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ "ያዝ አርጊው፣ ያዝ አርጊው!" ይላል። ሽጉጡ ተተኮሰ።

አልያዝኩትም። ከመነሻው ያለኝን ሁሉ ሰጠሁት። ለማሸነፍ አልነበረም፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ማሸነፍ የሚባል ነገር ጭራሽ ትዝ አላለኝም። የምሮጠው ለመታመም ነበር። የመጀመሪያው ኩርባ አለቀ፣ ከውጭ በኩል ካሉት አንዷን አለፍኳት። ወዲያ ማዶ ባለው ቀጥታ መንገድ ላይ ትንፋሼ ገና ነበር፣ ያም አናደደኝ፤ ገና ደህና ነኝ ማለት ነውና። ጨመርኩ። ከኋላዬ የሰናይት ጫማ ድምፅ ተሰማኝ። ወትሮ እሷ እኔን ትመራ ነበር፤ ያን ቀን ስትከተለኝ ግራ ሳይገባት አልቀረም።

የመጨረሻው ኩርባ ላይ ያ ነገር መጣ። መጀመሪያ ጭኔ ላይ፣ ከዚያ ክንዴ ላይ። አገጬ ሽቅብ ተነሣ፣ አፌ ተከፈተ። ዝግ የምልበት ቦታ ደረስኩ። ሰውነቴ ቦታውን ያውቀዋል፣ ሳላዘው ሊቀንስ ጀመረ። ከፊት ለፊቴ አጥሩ ላይ ነጩን ጥምጥም አየሁት።

እዚህ ላይ ያወቅኩትን ነገር በአሰልጣኙ ምክር ብኖር እስክሞት አላውቀውም ነበር። ያን የፈራሁትን በር ገፍቼ ስገባ ሕመሙ አልጨመረም። ያው ነበር። ይህን ያህል ዓመት ዝግ ስል ያስታገስኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያንኑ ሕመም ለረጅም ጊዜ ተሸክሜው ስጓዝ ነው የኖርኩት። ዝግ ያለም ያመዋል፣ የፈጠነም ያመዋል፤ የፈጠነው ግን ቶሎ ይገላገላል። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ምራቄ በጉንጬ እንደወረደ አውቃለሁ። ማን አየኝ ብዬ ሳልጠይቅ የሮጥኩት የመጀመሪያ ሩጫ ነው።

አንደኛ ሆኜ ጨረስኩ፣ ጥቂት ተራምጄም ወደቅኩ።

በአራት እግሬ ሆኜ ጠበቅኩ። ሆዴ ተኮማተረ። መጣ ስል ተመለሰ። ደግሞ ተኮማተረ፣ ደረቅ ሳል ብቻ ወጣኝ። ሆዴ ውስጥ ምን አለና ይውጣ! ያኔ ነው ያልበላሁት እራት ትዝ ያለኝ። ከአፌ ክር የመሰለ ምራቅ ብቻ ይንጠለጠላል። ሳሩን በጣቶቼ ነጭቼ፣ ጌታዬ ሆይ፣ ሌላ ምንም አልለምንህም፣ አንዴ ብቻ አስመልሰኝ አልኩ። ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ለመክተት እጄን አነሣሁና መልሼ አወረድኩት። አባቴን ሳላታልል ኖሬ በጣት ልጀምር? እንባዬ መጣ።

የእትዬ የሻረግ ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። "ይኸው መሪጌታ፣ አላስመለሳትም።" ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበር። የወንድሟ ልጅ ባለማስታወኳ እርጉዝ መሆኗን አረጋገጠች። በማስታወኬ አርግዣለሁ ተባልኩ፣ ባለማስታወኬም አርግዣለሁ ተባልኩ። ከእንዲህ ያለ ጭንቅላት ጋር ማን ይከራከራል?

ቀና ብዬ አባቴን ሳያቸው እኔን አልነበረም የሚያዩት። ዓይናቸውን ተከትዬ ዞርኩ። ሰናይት፣ ያቺ ረጅሟ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ሳሩ ላይ ትለቀዋለች። ሌላዋ ልጅ አጥሩን በሁለት እጇ ይዛ ታስታውካለች። ሦስተኛዋ የእኛው ክለብ ልጅ ናት፤ አሰልጣኙ ደግፎ ሲያነሣት ቁርሷን ሙሉ አዲሱ ነጭ ጫማው ላይ ገለበጠችለት። እኔ ስከንፍ አይተው ሊደርሱብኝ ከወትሯቸው በላይ ሮጠው ኖሯል። ሦስቱም ቁርስ በልተዋል።

አባቴ ሦስቱንም በየተራ አዩአቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ከምር የሚጠይቅ ሰው በሚናገርበት አነጋገር፣ "የሻረግ፣ እነዚህም ሁሉ ነፍሰ ጡር ናቸው?" አሉ።

እትዬ የሻረግ አፏን ከፈተች። እንደዚያ ተከፍቶ ባዶውን ሲዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴ አጥሩን ዞረው መጡና ጋቢያቸውን አውልቀው እግሬ ላይ ጣል አደረጉ። ተነሺ አላሉኝም። መቋሚያቸውን ተደግፈው እስክረጋጋ ከአጠገቤ ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጀልባው ብቻዬን ሸኘኋቸው። ልብሴን በፌስታል ይዤ ነበር፤ ቃል ቃል ነው። የጀልባው ሰው ተሳፋሪ እየጠራ ሳለ "አባባ፣ እኔ እኮ አላስመለሰኝም" አልኳቸው።

ፌስታሉን አዩት። "እኔ የቆምሁት ሆድሽን ለማየት አልነበረም። ፊትሽን አየሁት። የሚዋሽ ሰው እንዲያ ያለ ፊት የለውም።" ውኃውን አዩና ጨመሩ፤ "ቀድሞውኑ ቃልሽ ይበቃኝ ነበር። ይኸን መንገድ ሁሉ ያስመጣኝ የራሴ ድካም ነው።" ከዚያ ጀልባው ውስጥ ገቡ። እኔም ፌስታሌን ይዤ ወደ ሹም አቦ ተመለስኩ።

እንግዲህ አክስቴ ተምራለች ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ሰውን አታውቁም። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈር ውስጥ "መሪጌታ ጸልየውላት ነው እንጂ ነበረባት" ተባለ። ወሬው ከየት እንደወጣ አልጠየቅኩም። ዛሬ ደግሞ ያቺው አክስቴ "መቼ ነው የምትወልጂው?" እያለች በየበዓሉ ታለቅሳለች። አሰልጣኙም የዚያን ቀን ድል የእሱ የትዕግሥት ትምህርት ያፈራው ነው ብሎ በስብሰባ ላይ ተናገረ፣ ተጨበጨበለትም። ጫማውን አጥቦታል።

ከዚያ በኋላ ሰዓቴ በየውድድሩ እያነሰ ሄደ። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ በልምምድ ላይ የማደርገውን ሰው ፊት ማድረግ ጀመርኩ። አንዳንዴ አስመለሰኝ፣ አንዳንዴ አላስመለሰኝም። ሰው አየ፣ ተጸየፈ፣ ሻዩን ሊጠጣ ሄደ። ከዚያ የባሰ ምንም አልደረሰብኝም። ይህን የምታነቡ ሁሉ ሯጭ አይደላችሁም። ግን የሆነ ነገር ጀምራችሁ፣ መክፋት ሲጀምር፣ ፊታችሁ እንዳይበላሽ ብላችሁ ዝግ የምትሉበት ኩርባ ሳይኖራችሁ አይቀርም። እዚያ ቦታ ላይ ያቆማችሁ ጨዋነት ነው እያላችሁ ራሳችሁን አታሞኙ። ሕመሙን አልቀነሳችሁትም፤ አራተኛ ነው የወጣችሁት።

አሁን እኔም አሠለጥናለሁ። ባለፈው ሰሞን አንዲት የዲያቆን እህት ወደ ልምምድ መጣች። ፈጣን ናት፣ ኩርባው ሲያልቅ ግን ትንሽ ዝግ ትላለች፣ ማንም ሳያውቅባት። እኔ አወቅኩባት። ጠርቼ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ጫማዋን ጫማዋን አየች።

"ሰው ቢያየኝስ?" አለችኝ።

"ይይሽ" አልኳትና ወደ መነሻው መለስኳት።